በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ዘፈን

ባለፈው ሳምንት የግድግዳ ሰዓቴ ቆመብኝና ጀርባውን ብከፍተው፣ ድንጋዩ አብጦ፣ ነጭ ዱቄት ተፍቶ፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝጎ አገኘሁት። አውጥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ዝገትና ኮምጣጤ የተቀላቀለበት፣ ምላስ ጫፍ ላይ የሚቆጠቁጥ ያ ሽታ እየጎተተ ወስዶ ሰቆጣ፣ አሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ጣለኝ። ልጄ አይታኝ «እማዬ፣ እሱ እኮ መርዝ ነው» አለችኝ። መርዝ ቢሆን ኖሮ እኔ ድሮ ሞቼ ነበር አልኳት። እኛ እንጀራ ከነከስነው የማይተናነስ ድንጋይ የነከስን ልጆች ነን።

አንተም ስለ ወፍጮ ቤት ልጆች ንገሪኝ ካልከኝ ሰንብተሃል። ድንጋይ የምልህ የቴፕ ድንጋይ ነው፤ ዛሬ ባትሪ የሚባለው። ጊዜው ዘጠናዎቹ ዓመታት ነበሩ። ሰቆጣ መብራት የሚመጣው ጄኔሬተሩ ደስ ሲለው ነው፤ እሱም ሲመሽ ለጥቂት ሰዓት። ቀን ሙዚቃ መስማት የፈለገ ሰው ድንጋይ ይገዛል። መግዛት ያቃተው ደግሞ የደከመውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያሞቀዋል፤ ፀሐዩ አልበቃ ሲል ጎኑን በጥርሱ ይነክሰዋል። ሲጎደጉድ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እኛም ድንጋዮቻችንን በወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደ በርበሬ አስጥተን ተራ ገብተን እንጠብቃቸው ነበር።

ወፍጮው ከተበላሸ ቆይቷል። ግድግዳው ግን ገና የዱቄትና የናፍጣ ሽታ ነበረው፤ ሰውም ከዚያ የሚያባርረን ስላልነበረ መለማመጃችን አደረግነው። አራት ነበርን። አንደኛው ባለቴፑ ነው፤ አጎቱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር በሰፈሩ ቴፕ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ በዚሁም ራሱን አለቃ አድርጎ ሾሟል። ሁለተኛው ዋሽንተኛው፣ ዋሽንቱን ካልያዘ መኖሩ የማይታወቅ ዝምተኛ ልጅ። እኔ ከበሮ መቺ ነኝ፤ እናቴ ሰርግ በተጠራች ቁጥር ከጎኗ እየተሸጎጥኩ የለቀምኩት ሙያ ነው። አራተኛዋ ዘፋኟ ስትሆን የቤታችን አጥር ይገናኛል። ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን ወፍራም ነበር። ሳያዩዋት የሰሟት ሰዎች ሁለት ልጅ የወለደች ሴት ትመስላቸዋለች።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አለዚያ ቀሪው አይገባህም። ታላቅ እህት ነበረቻት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ አዝላ፣ ጠጉሯን ሠርታ፣ ውሃ ስትወርድ አስከትላ። ምንጩ ዘንድ ጀሪካኑ እስኪሞላ ሁለቱ የሚቀባበሉት አንድ ዘፈን ነበራቸው፤ በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ። ታናሺቱ ስምንት ዓመት ሲሆናት ታላቋ ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ደኅና ነኝ የሚል ቃል በሰው መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ጅዳ ናት የሚል ወሬ እንጂ አየኋት የሚል ሰው ጠፋ። ዘፋኟ ስለ እህቷ ስታለቅስ አላየሁም። ግን ከዐረብ አገር ሰው ገባ ሲባል የያዘችውን ጥላ ትሮጥ ነበር።

የምንለማመድበትን ካሴት ያመጣልን ኩባው ነው። ኩባው የምንለው የወረዳው የከብት ሐኪም ነበር። ደሃና ወረዳ ተወልዶ፣ አባቱ በጦርነት ሲሞት እንደሱ አባት ካጡ ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ተልኮ፣ እዚያው አድጎና ተምሮ፣ ጎልማሳ ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው። እናቱ አምደወርቅ ከተማ ይኖሩ ነበር። እሳቸው ከኽምጣኛ በቀር አያውቁም፤ እሱ ደግሞ ኽምጣኛውን እዚያ ማዶ አስቀርቶት መጥቷል። እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ አስተርጓሚ ይዞ ነበር የሚገባው። በሬ ሲያክም ቀስ ብሎ በማይገባን ቋንቋ ያናግረዋል፤ በሬውም ረጋ ብሎ ያዳምጠዋል፤ ገበሬዎቹ በዚህ ይስቁ ነበር።

ካሴቱን እዚያ የቀረ ጓደኛው ነው የላከለት። ሬጌቶን የሚባል ነገር ነው፣ አዲስ ነው አለን። የሚዘፍኑት ልጆች እሱ ይኖርበት የነበረው ግቢ ልጆች ናቸው። ግቢው ዙሪያውን ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ መሐሉ ላይ አንድ ቧንቧ ያለው ነበር አለ። ውሃ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ባልዲውን ሲደበድቡ ውለው ሲደበድቡ እያደሩ ዘፋኝ ሆነው አረፉት። መጀመሪያ የጎረቤት ልደት ላይ ተጫወቱ፣ ቀጥሎ የሰፈሩ ጭፈራ ላይ። ከዚያ ካሴታቸውን የታክሲ ሹፌሮች እየተቀባበሉ ከተማውን አዞሩት። ሬዲዮ ያወቃቸው ሕዝቡ ሁሉ ካወቃቸው በኋላ ነው። አሁን አገሩ በሙሉ ያውቃቸዋል አለን። ይህን ሲነግረን እንደ ወንድሞቹ ይኮራባቸው ነበር። እኛም አፋችንን ከፍተን ስንሰማ፣ ያ ግቢና ያ ቧንቧ ከእኛ ምንጭ በስተጀርባ ያለ ይመስለን ነበር።

ዘፋኟ ግን ሌላ ነገር ነው የያዘችው። «ጋሼ፣ ካሴት ባሕር ይሻገራል?» አለችው።

«ይኸው ተሻግሮ መጥቶ የለም እንዴ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ሆነ። ድምፅዋን ካሴት ላይ አድርጋ ለእህቷ መላክ። የምትላትም ነገር አልቸገራትም፤ የምንጩ ዘፈን አለ። እህቷ በዚያ ዘፈን ታውቀኛለች፣ በሌላ አታውቀኝም ትል ነበር።

እንግዲህ እንዴት እንዳጠናነው ስማ። ቴፑ ትልልቅ ድንጋይ ነው የሚበላ፤ የእኛ ድንጋዮች ደግሞ ተነክሰው ተነክሰው ወገባቸው የጎበጠ ነው። ካሴቱን ስንከተው የግቢው ልጆች ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጡ ሆነው፣ ረጋ ብለው፣ እየተጎተቱ ይመጣሉ። ዱም… ደደም… ዱም። እኔ ከበሮዬን በዚያ ላይ ሳስገባው ገጠመ። የሰርጋችን ምት ሆኖ ቁጭ አለ፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ወገቡን ሰበር የሚያደርግ ነገር ጨምሮ። ዋሽንተኛው ገባበት። ዘፋኟ ዓይኗን ጨፈነችና የምንጩን ዘፈን በኽምጣኛ ጣል አደረገችበት።  ኩባው የበር መቃኑን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሲሰማን ቆይቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን። መጀመሪያ የሰፈራችን ሰርግ ላይ ተጫወትን። ሽማግሌዎቹ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብለው ትንሽ ኮስተር አሉ፤ ቆይተው ትከሻቸው ከዳቸው። ቀጥሎ ከአምደወርቅ ጠሩን፣ ከዚያ ከጽጽቃ። ከፃግብጂ በእግራቸው ሁለት ሰዎች መጥተው «የወፍጮ ቤት ልጆች የሚሏቸው እናንተ ናችሁ?» ብለው ሲጠይቁን ባለቴፑ ደረቱን የነፋበትን አነፋፍ አልረሳውም። ከበሮዬን አዝዬ፣ ቀይ አቧራ ለብሼ፣ ዳገት ስወጣ ስወርድ የዋልኩባቸው ዓመታት ናቸው። የሙሽራ ቤት ቅቤ፣ የዳስ ቅጠል፣ የሰው ላብ ሽታ ይዞኝ ቤት ስገባ እናቴ «ምነው ከብት ነጋዴ ሆንሽ» ትለኝ ነበር። ደስተኛ ነበርኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ክረምት ሲወጣ ባሕር ዳር የወጣቶች የሙዚቃ ውድድር አለ ተባለና የዞኑ ሰዎች እኛን መረጡን። የሚያሸንፈው ቡድን ስቱዲዮ ገብቶ ካሴት ይቀዳለታል። ዘፋኟ ይህን የሰማች ዕለት እህል አልበላችም። ኩባው ፈቃድ ወስዶ አብሮን መጣ።

ባሕር ዳር ያረፍንበት ክፍል ግድግዳው ላይ መብራት መሰኪያ ነበረው። ባለቴፑ ከሰዓት በኋላ ላይ ለመለማመጃ ብሎ ቴፑን ሰካና የግቢውን ልጆች ከተተ። ወንድሜ፣ የሚያሳድዳቸው ጅብ ያለ ይመስል ነበር። ልጆች ናቸው፣ ቀጫጭን ድምፅ፣ ፈጣን፣ ሲዘሉ የሚታዩ። ተያየን። ቴፑ ተበላሸ አልን። ነቅለን ሰካነው፤ ያው ነው። ዋሽንተኛው ነው መጀመሪያ የገባው። «ድንጋዩ ነው» አለ፣ «እኛ የሰማነው የድንጋዩን ድካም ነው።»

ባለቴፑ ፊቱ ጠቆረ። ስንት ጊዜ ሙሉ በስሕተት ስንጫወት ኖረናል፣ እዚህ ያሉ ዳኞች ዘፈኑን ያውቁት ይሆናል፣ መሳቂያ ከመሆናችን በፊት አሁኑኑ እናፍጥነው አለ። ሞከርን። ከበሮውን አፈጠንኩት፤ ዋሽንቱም እያለከለከ ተከተለ። የዘፋኟ ቃላት ግን እርስ በርሳቸው ተደነቃቀፉ። የምንጭ ዘፈን ነው፤ ጀሪካን እስኪሞላ የሚዘፈን፤ አይሮጥም። ሦስቴ ጀምራ ሦስቴ አቋረጠች። ባለቴፑ በአማርኛ አጭር አጭር ቃል እናድርግበት ሲል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ማየት ጀመረች።

ሁላችንም ወደ ኩባው ዞርን። «እርስዎ ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ። «እነሱ እንደዚህ ነው የሚጫወቱት። ልነግራችሁ ስል እሷ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልገባኝም፤ ግን እናቴ እንደዚያ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላቋርጣችሁ?»

 ታውቃለህ፣ የዘፈን ፍጥነት ያለው በከበሮ መቺ እጅ ነው፤ አለቃው ቢቆጣ ቢያኮርፍ ሰዉ የሚሄደው በከበሮው ነው። መድረክ ላይ ስንወጣ ባለቴፑ በእጁ ፍጠኚ የሚል ምልክት አሳየኝ። እኔ እሷን አየኋት። ደርቃ ቆማለች። እጄን አንስቼ እንደ ወፍጮ ቤቱ አድርጌ አሳረፍኩት። ዱም… ደደም… ዱም። ትከሻዋ ወረደ፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገባችበት። አዳራሹ መጨረሻ ላይ የዋግ ልጆች ነበሩ መሰለኝ፤ ተነስተው ሲጨፍሩ አየሁ። ሌላው ሰው በትዕግሥት አዳመጠን። አንደኛው ዳኛ ድምፁ ግሩም ነው፣ ግን ሰው ተኝቶ እንዳይቀር ብሎ አሳቀብን። የካሴቱን ዕድል ሌሎች ወሰዱት።

ባለቴፑ እስከ ሰቆጣ ድረስ አላናገረኝም። ዘፋኟ ግን አላኮረፈችም። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ እየተቀመጠች ትውላለች። እኔ ደግሞ በፍጥነት መትቼ ቢሆንስ እያልኩ በሆዴ እከራከር ነበር። ዛሬ ስትጠይቀኝ ያንኑ እመታለሁ ነው የምልህ።

አንድ ጠዋት ኩባው መጣ። የጎረቤት ሴት እኩለ ቀን ላይ በሚወጣው መኪና ተነስታ ጅዳ ልትሄድ መሆኑን ሰምቷል። ከኪሱ ያንን የግቢውን ልጆች ካሴት አወጣና ከላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ጠቀጠቀ። የካሴት ቀዳዳ ከተደፈነ በላዩ ላይ እንደሚቀዳ በዚያ ዘመን የማያውቅ የለም። ዘፋኟ እጁን ያዘችው። «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ጓደኞችዎ ናቸው» አለችው።

«እነሱን አገሩ በሙሉ ያውቃቸዋል» አላት። «አንቺን የምታውቅሽ አንድ ሰው ናት። ዝፈኚ።»

አዲስ ድንጋይ ሱቁ ውስጥ አልነበረም፤ መኪናው ደግሞ አይጠብቅም። ያሉንን ነክሰን ከተትናቸው። ባለቴፑ ኩርፊያውን ረስቶ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ትንፋሹን ዋጠ። ከውጭ የአህያ ጩኸት ሲመጣ አቆምን፣ መልሰን ጀመርን። እሷ ያን ቀን እንደዘፈነችው ያለ ዘፈን መቼም አልሰማም። መልሰን ስናዳምጠው ልክ እኛው ነን፤ ረጋ ያለው ከበሮ፣ ወፍራሙ ድምፅ። ባሕር ዳር ላይ ያየነውን ሁሉ ረስተን ማንም ስለ ድንጋይ አላሰበም። ኩባው እንኳ አላሰበም፤ ዘፈኑን ነበር የሚሰማው። ካሴቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የእህቷ ስም ተጽፎበት፣ ሄደ።

መልስ አልመጣም። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ። እኛ ሰርግ ለሰርግ መዞራችንን አልተውንም፤ በዋግ ስማችን የገነነው እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው። ግን ቡድን እንደ ሹራብ ነው፣ አንድ ክር ሲመዘዝ አይቆምም። ዋሽንተኛው ኮሌጅ ገባ። ባለቴፑ የአጎቱ ረዳት ሆኖ መኪና ላይ ወጣና ቴፑን እኔ ዘንድ አደራ ተወው። ኩባው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። መጨረሻ ላይ ዘፋኟ ራሷ ፓስፖርት አወጣች። አፏን ሞልታ እህቴን ፍለጋ አላለችም፤ ሥራ ነው አለች። የደረሳት ቤይሩት ነው። ዛሬም እዚያው ናት፤ በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች፣ ስለ ልጄ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ራሷ ስጠይቃት መስመሩ ይቆራረጣል።

እሷ በሄደች በዓመቱ ታላቅ እህቷ መጣች።

ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ አማርኛዋ በዐረብኛ ተለውሶ። ቤታቸው ዝግ ሲሆንባት ጎረቤት ልጠይቅ ብላ ነው የመጣችው። ታናሽሽ ሄዳለች ብዬ መንገር የእኔ ዕጣ ሆነ። አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ከፍታ ያንን ካሴት አወጣች፤ ከስሩ የታጠፈ ቀሚስ ነበረ፣ ሮዝ፣ ደረቱ ላይ አበባ ያለው፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን። ቀሚሱን አይቼ ካሴቱን አየሁ፤ ምንም አልገባኝም።

ያኔ ሰቆጣ ዋናው መስመር ገብቶ መብራት ቀኑን ሙሉ ነበር። ቴፑን ሰካሁት። ከበሮዬ እንደ ተባረረ ፍየል እየዘለለ መጣ። በላዩ ላይ አንዲት ሕፃን ዘፈነች፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ የትንሽ ልጅ ድምፅ። ያን ጊዜ ገባኝ። በደከመ ድንጋይ የቀዳነው፣ ጉልበት ያለው ቴፕ ውስጥ ሲገባ ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ጅዳ መብራት አያጣም። ያን ሁሉ ጊዜ ይህንን ነው የሰማችው።

«ትቻት ስሄድ የነበረው ድምፅ ነው» አለችኝ። «ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ነው የደረሰኝ፤ ማን እንደቀዳት አላውቅም። ልጠይቅም ፈራሁ። የሚያሠሩኝ ሰዎች ሲወጡ ኩሽናቸው ውስጥ እከፍታታለሁ። ዓመቱን አውቃለሁ እኮ፤ ትልቅ ሴት እንደሆነች አውቃለሁ። ሱቅ ስገባ ግን እጄ ይሄንን አነሣ።»

ምን ብዬ ላስረዳት። ተነስቼ የባሌን የእጅ ባትሪ ፈታሁ፣ የሬዲዮኑን ፈታሁ፣ ያረጁ ድንጋዮች ለቃቅሜ ሁለቱን በጥርሴ ነከስኩ። ምላሴን ቆጠቆጠኝ። እብድ ናት ብላ ሳታስብ አልቀረችም። የመብራቱን ገመድ ነቅዬ ድንጋዮቹን ከተትኩና ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ ቁልፉን ተጫንኩ።

ከበሮው ረጋ ብሎ መጣ። ዋሽንቱ ተከተለ። ከዚያ ወፍራሙ ድምፅ ገባ፤ ያ የሁለት ልጅ እናት የሚመስለው የጎረቤቴ ድምፅ፣ የምንጩን ዘፈን እያሳረፈ። እህቷ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ቀረች። 

«አደገች» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ሰምተን በእስክሪብቶ መልሰን አጠነጠንነው፣ ድንጋዩ እንዳይደክም። ሁለተኛ ሰማነው። በሦስተኛው ላይ ድንጋዩ ይሸነፍ ጀመር። ድምፁ ዝግ እያለ ወረደ፤ ዘፋኟ የእኔን ዕድሜ አለፈች፣ የእናቴን ዕድሜ ያዘች፣ ከዚያም አልፋ አንዲት አሮጊት ከሩቅ ዳገት ላይ የምታንጎራጉር መሰለች። ቃሉ ሊለይ አልቻለም። ከዚያ ካሴቱ ቆመ።

ድንጋዮቹን አውጥቼ ልነክሳቸው እጄን ስዘረጋ፣ እህቷ መዳፏን ቴፑ ላይ አሳረፈች።

«ተያት» አለችኝ። «ደክሟታል።»